የአዴ ዲንቂቱ ጭልፊት

አንዲት ደንበኛዬ ጥቁር ቀሚሷን ወገቡ ላይ እንዳሰፋላት ይዛ መጣች። ለነገ ጠዋት ይድረስልኝ ብላ ለመነችኝ። ለቀብር መሆኑ ገብቶኝ ማን እንደ ሞተባት ብጠይቃት፣ የሥጋ ዘመዷ እንዳልሆኑ፣ ነገር ግን መቅረት እንደማትችል ነገረችኝ። "ሰበታ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ አውሬ የሚሠሩት ሴትዮ ናቸው" አለችኝ።

እግሬን ከስፌት መኪናው ላይ አነሳሁ። ሰበታ ውስጥ አውሬ የሚሠሩ ሴት አንዲት ብቻ ነበሩ። አዴ ዲንቂቱ።

ለቅሶው ላይ ሰው ስለ እሳቸው ሲያወራ እንባውም ሳቁም አንድ ላይ ነበር የሚመጣው። አንዱ ስለ አንበሳቸው ያወራል፣ አንዷ ስለ ጃርታቸው። የጭልፊቱን ነገር ግን ማንም አላነሳም። የረሱት እንዳይመስላችሁ። ሁሉም ያውቃል፣ ሁሉም ዘለለው። ከዚያ ታሪክ ውስጥ ደግሞ አንዲት ነገር አለች፣ እኔና እሳቸው ብቻ የምናውቃት። አሁን እኔ ብቻ ቀረሁ። ለዚህ ነው ልጻፈው ብዬ የተነሳሁት።

የተዋወቅነው በአህያ ጆሮ ነው። ሰበታ በገባሁ በመጀመሪያው ዓመት በረንዳዬ ላይ ተቀምጬ የሱሪ እግር ሳሳጥር፣ ቀጠን ያሉ ጠይም ሴት የማዳበሪያ ከረጢት ታቅፈው መጡ። ወደ ስልሳው ይጠጋሉ። በከንፈራቸው ሦስት መርፌ ይዘዋል። መርፌዎቹን ሳያወጡ፣ በአፋቸው ጥግ፣ "የአህያ ጆሮ ትሰፊልኛለሽ?" አሉኝ።

የሚያሾፉብኝ መስሎኝ ወደ ሱሪው ተመለስኩ።

"ሁለት ነው የምፈልገው" ብለው ቀጠሉ። "አንዱ ቀጥ ያለ፣ አንዱ የወደቀ። ሁለቱም ቀጥ ካሉ አህያ መሆኑ ቀርቶ ጥንቸል ይሆናል።"

ሰፋሁላቸው። ማግስቱን የጎረቤት ልጆች በሙሉ አንዲት በሁለት እግሯ የምትሄድ አህያ ተከትለው በበረንዳዬ ፊት አለፉ። አህያዋ ቆም አለችና አንገቷን ወደ እኔ አዙራ፣ "ኢንተላ ኮ፣ የግራው ጆሮ ትንሽ ይጠብቃል" አለችኝ። ኢንተላ ኮ ማለት በኦሮምኛ ልጄ ማለት ነው፤ እኔም አዴ አልኳቸው፣ እትዬ እንደ ማለት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ስም አልነበረኝም።

አዴ ዲንቂቱ ዕድሜያቸውን በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የተበጠሰ ክር ሲቀጥሉ ኖረው፣ ዓይናቸው ሲደክም የወጡ ሴት ናቸው። ባል ሞቶባቸዋል፣ ልጆቻቸው ራቅ ብለው ይኖራሉ። ቤታቸው ሁለት ክፍል ነው፤ በአንዱ እሳቸው ይተኛሉ፣ በሌላው አውሬዎቹ ይተኛሉ። ከሶፋ ቤት የሚጣል ስፖንጅ፣ የተሰበረ ጃንጥላ፣ የቴሌቪዥን ካርቶን፣ የመጥረጊያ ጭራሮ፣ የጠርሙስ ክዳን፣ ያረጀ ሹራብ፣ ምን ልበላችሁ፣ ሰው የጣለው ሁሉ እዚያ ቤት ይገባል፤ ሲወጣ ወይ ቀበሮ ሆኖ ወይ ኤሊ ሆኖ ነው። ለሠፈሩ ትምህርት ቤት የጨዋታ ልብስ ይሠራሉ፣ ለሠርግ ቤት ጨዋታ ይሠራሉ፣ አልፎ አልፎም ለማንም ሳይሆን ዝም ብለው ይሠራሉ። አንድ ክረምት ሙሉ ቀንድ አውጣ ሲሠሩ ከርመው፣ ለማን ነው ብዬ ብጠይቃቸው፣ "ለዝናቡ" አሉኝ።

ሁለት ልማድ ነበራቸው። አንደኛ፣ ልጅን በሜትር አይለኩም። ሜትር የሬሳ ሣጥን የሚሠራ ሰው ዕቃ ነው ይላሉ። ልጁን በሲባጎ ይለኩትና ትከሻው ላይ አንድ ቋጠሮ፣ ክርኑ ላይ አንድ፣ እጁ ላይ አንድ አድርገው ግድግዳው ላይ በምስማር ያንጠለጥሉታል። የሠፈሩ ልጅ ሁሉ እዚያ ግድግዳ ላይ በሲባጎ ተንጠልጥሎ ነበር።

ሁለተኛው ደግሞ የሽንኩርቱ ነገር ነው። አንድ ልብስ አለቀ የሚሉት መጀመሪያ ራሳቸው ለብሰውት፣ ለልጅ የጠበበውንም ቢሆን እንደምንም ተሸክመውት፣ ገበያ ወጥተው ሽንኩርት ሲገዙበት ነው። ጎንበስ ብሎ መምረጥ ያስችላል? እጅ ዘርግቶ መቀበል ያስችላል? ሰው ገፋ ሲያደርግህ ይበጠሳል? ጃርቷን የሠሩ ጊዜ ጭራሮው የአንዲት ነጋዴ ነጠላ ይዞ ቀርቶ ሁለቱ ሴቶች ተያይዘው ግማሽ ገበያ ዞረዋል። ነጋዴዋ እየሰደበቻቸው፣ እሳቸው ጃርት ሆነው ይቅርታ እየጠየቁ። ሲመለሱ ጭራሮውን በሙሉ ነቅለው እንደ ገና ተከሉት። "ሽንኩርት ያልገዛ ልብስ ገና ጨርቅ ነው" ይሉ ነበር።

ይሄን ሁሉ የማወራው ስለ ሳቁ ብቻ አይደለም። ሽንኩርት ያልተገዛበት አንድ ልብስ ስላለ ነው።

የማስተር ፕላኑ ነገር መጣ። አዲስ አበባ ወደ እኛ ልትሰፋ ነው፣ መሬት ሊወሰድ ነው ተባለ። ገበሬው ተቆጣ፣ ተማሪው ተቆጣ። የጅማ መንገድ አንድ ቀን በድንጋይ ይዘጋል፣ አንድ ቀን በወታደር። ጎማ ሲቃጠል ጢሱ በረንዳዬ ድረስ መጥቶ የሰፋሁት ነጭ ልብስ ላይ ያርፋል። ተኩስ ስንሰማ የስፌት መኪናዬን እግር ይዤ መሬት እቀመጣለሁ። ዛሬ እናቱ ስትፈልገው የምታገኘው ልጅ ነገ የት እንደ ገባ አይታወቅም። ፕላኑ ቀርቷል ከተባለ በኋላም አልበረደም፤ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ከተከለከሉት ነገሮች አንዱ ሁለት እጅን ከራስ በላይ አንስቶ ማጣመር ነበር። የተቃውሞ ምልክት ነዋ።

ሰው የገዛ እጁን መፍራት ጀመረ። ታክሲ ውስጥ ብርድ ብርድ ቢለን እንኳ ክንዳችንን አናጣምርም፣ ኪሳችን ውስጥ እንከታለን። ኦቦ ለሚ የሚባል ከአዴ ዲንቂቱ ቤት ፊት ለፊት የሚኖር የወፍጮ ቤት ሠራተኛ ነበር። ከቤቱ ወስደውት ሁለት ወር ቆይቶ ተመለሰ። ምን እንዳየ ለማንም አልተናገረም። አካም ጅርታ ብለህ ሰላም ስትለው፣ መልስ ከመስጠቱ በፊት ዞር ብሎ ኋላውን ያያል። ሲፈን የእሱ ልጅ ናት፤ አሥር ዓመቷ፣ እጆቿ ከሰውነቷ ቀድመው ያደጉ ልጅ።

በዚያ መሐል የትምህርት መዝጊያ ደረሰና የወላጆች በዓል ይከበር ተባለ። የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ተጠንቅቆ፣ በጣም ተጠንቅቆ ጨዋታ መረጠ። ንጉሥ የሌለበት፣ ገበሬ የሌለበት፣ መሬት የማይነሳበት። ዶሮ፣ ጫጩቶችና ጭልፊት። ከዚህ የበለጠ ሰላማዊ ነገር ከየት ይመጣል? ጭልፊቷ እንድትሆን የተመረጠችው ደግሞ በእጆቿ ርዝመት ምክንያት ሲፈን ሆነች።

አዴ ዲንቂቱ ለዚያ ክንፍ ያልሠሩት ሥራ የለም። አጥንቱ የጃንጥላ ሽቦ ነው። ላባው በመቀስ የተተለተለ የማዳበሪያ ከረጢት ነው፣ በሻይ ቅጠልና በጥላሸት የተነከረ፣ ስትነካው የእውነት ላባ የሚመስል። ችግሩ ክብደቱ ነበር። ልጅቷ ክንፉን ለብዙ ደቂቃ ይዛ መቆየት አልቻለችም። ስለዚህ ከብስክሌት የውስጥ ጎማ ረጃጅም ቁራጭ ቆረጡና ከእጇ እስከ ወገቧ በጀርባዋ በኩል አሰሩላት፤ ጎማው ክንዷን እንዲያግዛት። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። ነገር ግን ጎማው እየተንሸራተተ ከትከሻዋ ይወድቃል። አሰርን፣ ወደቀ። እንደ ገና አሰርን፣ ወደቀ።

"ለምን እንደ አንቀልባ አናጣምረውም?" አልኩ።

አዎ፣ እኔ ነኝ ያልኩት። ልጅ ያዘለች ሴት የምታውቀው ማሰሪያ ሌላ ምን አለ? የቀኙ በግራ ትከሻ፣ የግራው በቀኝ ትከሻ፣ ከዚያ ወገብ ላይ ጥብቅ። አዴ ዲንቂቱ መርፌያቸውን ከአፋቸው አውጥተው አዩኝና ሳቁ። "እኔ የሁለት ልጆች እናት ሆኜ ይሄ ጠፋኝ" አሉ። አጣመርነው። ከዚያ ወዲያ አንድ ጊዜም አልተንሸራተተም።

የሽንኩርቱ ነገር ግን ቀረ። በዚያ ሰሞን ክንፍ ለብሶ ገበያ የሚወጣ ሰው ምን እንደሚገጥመው ማን ያውቃል? ግቢ ውስጥ እንኳ እንዳንሞክረው አጥሩ ያሳያል። ቤት ውስጥ፣ በር ዘግተን ሞከርነው። ሲፈን እጇን ወደ ጎን ዘረጋች፣ አርገበገበች፣ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ በረረች። የአውሬዎቹ ክፍል ኮርኒስ ዝቅ ያለ ስለሆነ ክንፉን ወደ ላይ ማንሳት አይቻልም፤ እኛም አንሺው አላልናትም። አዴ ዲንቂቱ ልብሱን ሲያጥፉ ፊታቸው ደስ አላለውም። "ሽንኩርት ሳይገዛ ሄደ" አሉ ለራሳቸው።

የበዓሉ ዕለት በትምህርት ቤቱ ግቢ ድንኳን ተተከለ። ከፊት ወንበር ላይ የከተማው ሹሞች፣ ከኋላቸው ወላጅ፣ ዳር ዳሩን መሣሪያ የያዙ ሰዎች። እኔና አዴ ዲንቂቱ ልጆቹ ልብስ በሚቀይሩበት መጋረጃ ጀርባ ነበርን። ዶሮዋ ወጣች፣ ጫጩቶቹ ጩ ጩ አሉ፣ ሰው ሳቀ። ከዚያ ጭልፊቷ ወጣች።

ክንፏን ዘርግታ ሁለት ጊዜ ዞረች። ሕዝቡ አጨበጨበ። ሦስተኛው ላይ አስተማሪዋ እንዳስጠናቻት፣ ጫጩት ልትነጥቅ ከመውረዷ በፊት ክንፏን ወደ ሰማይ አነሳች።

ጎማው ሳባት። የቀኝ እጇ ወደ ግራ፣ የግራው ወደ ቀኝ። ከራሷ በላይ፣ ትልልቅ ጥቁር ክንፎች፣ ተጣመሩ።

ጭብጨባው ቆመ። ከኋላ በኩል አንድ ሰው አፏጨ፣ አንዲት ሴት ሳታስበው እልል ልትል ጀምራ አፏን በእጇ ያዘች። ልጅቷ ፉጨቱ ለእሷ መሰላት። እጇን አወረደችና እንደ ገና አነሳች። ደግማም አነሳች። በየጊዜው ጎማው ያጣምረዋል፣ እሷም በላባው ስር ፈገግ ትላለች። ከፊት ወንበር አንድ ሹም ተነሳ። ሙዚቃው ተቋረጠ። ከሕዝቡ መሐል ኦቦ ለሚን አየሁት፤ ሁለት እጁን ጭኑ ስር ከትቶ፣ ልጁን ሳይሆን መሬቱን ነበር የሚያየው።

አዴ ዲንቂቱ ክንዴን ጨበጡኝ። "ማል ጎኔ" አሉ፣ ምን አደረግን ማለታቸው ነው። ምን አደረግን ነው ያሉት። ምን አደረግሽ አላሉም።

የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ያየሁትን ፍርሃት ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። ሠፈሩ ጭር አለ። አዴ ዲንቂቱ ቤት ተቀምጠን ሳለ አንድ ነገር አጥሩን ተሻግሮ ግቢው ውስጥ ዱብ አለ። ወጥተን ስናይ የአንበሳው ራስ ነው፤ ለሠርግ ጨዋታ የተዋሱት ሰዎች ሳያንኳኩ ወርውረውት ሄዱ። ጥቂት ቆይቶ ኤሊው መጣ። ከዚያ ቀበሮው፣ ከዚያ ያቺ አህያ በሁለት ጆሮዋ። ማንም የእሳቸውን እጅ ሥራ ቤቱ ውስጥ እንዲገኝበት አልፈለገም። ፀሐይ ሳትጠልቅ ግቢው በአውሬ ተሞላ። አዴ ዲንቂቱ አንድ በአንድ አነሱ፣ አቧራውን አራገፉ። "አንበሳው አፍንጫው ተጣመመ" ብቻ ነው ያሉት።

ዳይሬክተሩ መጣ፣ ላብ አጥምቆት። ክንፉን ከመርካቶ የገዙት እንደሆነ እንዲናገሩለት ለመናቸው። እንዲህ ያለ ክንፍ መርካቶ እንደማይሸጥ ነገሩት። በዚህ ሰዓት እንኳ ኩራታቸው! ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ የሚመጣ ሰው ቢመጣ ልጅቷም አባቷም ምንም እንደማያውቁ፣ ሁሉም የእሳቸው ሥራ እንደሆነ እንዲናገር አስጠነቀቁት። ኦቦ ለሚ ሁለተኛ ከተወሰደ እንደማይመለስ ሁላችንም እናውቅ ነበር። እኔ ያን ጊዜ፣ አጣምሩት ያልኩ እኔ እኮ ነኝ ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ነገ እላለሁ ብዬ ቤቴ ሄድኩ።

በማግስቱ ረፋዱ ላይ፣ እኔም እሳቸው ቤት ሳለሁ፣ መጡ። አንድ አዛዥ፣ ሁለት ባለመሣሪያ። አዛዡ የሠላሳ አምስት ዓመት ሰው ቢሆን ነው፣ ከሌላ ክፍለ ሀገር የመጣ፣ ኦሮምኛ የማይሰማ። ክንፉን ከትምህርት ቤት ይዘውታል። ግድግዳው ላይ የተንጠለጠሉትን ሲባጎዎች ሲያይ ቆመ። ምንድን ናቸው ብሎ ጠየቀ። አዴ ዲንቂቱ ልጆች ናቸው አሉት። ፊቱ ተለዋወጠ።

"አንቺ ሴትዮ፣ ልጅቷን ማን ነው ያስጠናት?"

"ማንም አላስጠናትም። ጎማው ነው ያጣመራት።"

"ጎማ ፖለቲካ ያውቃል?"

"ጎማ መሳብ ነው የሚያውቀው፣ የኔ ጌታ።"

ወደ እኔ ዞረ። አንቺስ እዚህ ቤት ምን ትሠሪያለሽ አለኝ። "ቁልፍ ነው የምተክለው" አልኩት።

ያ ክንፍ አንድም ቁልፍ አልነበረውም። አዴ ዲንቂቱ ቀና ብለው አዩኝ። አንድ ጊዜ ብቻ። ከዚያ ዓይናቸውን መለሱ።

"ይሄን እንዲህ አጣምሮ ያሰረው ማነው?" አለ አዛዡ፣ ጎማውን ይዞ።

"እኔ ነኝ" አሉ።

"ለምን?"

"ሚስትህ ልጅ ስታዝል እንዴት ነው የምታስረው?"

አዴ ዲንቂቱ ከወንበራቸው ተነስተው ሁሉንም አስረዱት፤ ክብደቱን፣ መንሸራተቱን፣ ኮርኒሱን። አላመነም። ሰው ሳይፈልግ እጁ አይጣመርም አለ። እሳቸውም ለብሶ ቢያየው እንደሚሻል ነገሩት። ወደ አንደኛው ባለመሣሪያ ዞሮ ልበሰው አለው። ልጁ አመነታ፤ ጠመንጃዬን ለማን ልስጥ አለ። ሁለተኛውን አዘዘ። እሱ ደግሞ ትከሻዬን ያመኛል አለ። ገባኝ። እነሱም ፈርተዋል። ያ ነገር እላያቸው ላይ ቢጣመር ማን ምን እንደሚላቸው አያውቁም። አዛዡ ተናደደ። ክንፉን ነጥቆ ግቢው መሐል ወጣና፣ "ነይ፣ እሰሪልኝ" አላቸው።

አዴ ዲንቂቱ አሰሩት። እንዴት እንዳሰሩት ልንገራችሁ። ልጅ እንደሚያለብሱት ነው ያለበሱት። "ክንድህን ዘርጋ ልጄ። ፈታ በል። አትተንፍስ አላልኩህም፣ ተንፍስ እንጂ" ይላሉ። አዛዡም ሳያውቀው እንዳሉት ያደርጋል። ክንፉ የተለካው ለአሥር ዓመት ልጅ ነው። ጎማው እሱ ላይ ሲደርስ እንደ ክራር ክር ተወጠረ።

"አሁን ወደ ላይ አንሳው" አሉት።

አነሳው።

እጆቹ ከራሱ በላይ ሄደው ጧ ብለው ተጣመሩ። ሊያወርዳቸው ሞከረ፤ አልወርድ አሉ። ጎማው አጥሮበት እጆቹ እንደ ታሰሩ ቀሩ። ግቢው መሐል፣ በጠራራ ፀሐይ፣ የደንብ ልብሱን እንደ ለበሰ፣ በሁለት ትልልቅ ጥቁር ክንፎች ያን የተከለከለውን ምልክት እያሳየ ቆመ። በአጥሩ ቀዳዳ ዓይኖች ነበሩ። አንደኛው ባለመሣሪያ ወደ ሰማይ ያያል፣ ሁለተኛው የጫማውን ክር ያያል። ማንም አልሳቀም። እኔ ዛሬ ሳወራው ሳቅ የሚመጣኝ እንዳይመስላችሁ። ይሄን ሰው እንዲህ ሆኖ ያየ ሁሉ አለቀለት ብዬ አሰብኩ።

አዛዡ አንገቱን ማዞር አቅቶት ባለመሣሪያዎቹን በዓይኑ ፈለጋቸው። ከሁለቱ አንዱ ነገ ለሌላ አለቃ ምን ያወራ ይሆን የሚለው ሐሳብ አዛዡ ፊት ላይ ይነበባል። የፈራ ሰው ፊት አውቃለሁ፣ በዚያ ዓመት ሌላ ፊት አላየሁም።

"ይፍቱኝ፣ እማማ" አላቸው ቀስ ብሎ።

አዴ ዲንቂቱ ከጀርባው ዞረው ቋጠሮውን ፈቱለት። እጆቹ ወረዱ። ክንፉን መሬት ላይ ጣለው፣ ኮሌታውን አስተካከለ። ከዚያ ይቃጠል አለ። አሁኑኑ፣ ዓይኔ እያየ። አዴ ዲንቂቱ ራሳቸው ክብሪት ጫሩ። የጎማ ጢስ ግቢውን ሞላው። የጃንጥላው ሽቦ ብቻ ሲቀር፣ አዛዡ እኛን ሳይሆን ባለመሣሪያዎቹን እያየ፣ "ዛሬ እዚህ ቤት አልገባንም" አለ። ለአዴ ዲንቂቱ ሁለተኛ ክንፍ የሚባል ነገር እንዳይሠሩ ነገራቸው። ሄዱ።

ተረፍን ብላችሁ ታስቡ ይሆናል። እኔም መስሎኝ ነበር። ግን ያ ሰው ራሱን ለመሸፈን ሲል ያየነውን ሊያጠፋን ይመለሳል እያልን ስንት ወር ኖርን። አዴ ዲንቂቱ ጫማቸውን አድርገው መተኛት ጀመሩ። በቤታቸው ደጃፍ መኪና ፍጥነቱን ከቀነሰ ከወንበራቸው ይነሳሉ። አልተመለሰም፤ ሌላ ቦታ ተዛወረ ሲባል ሰማን። እሳቸው ግን አላመኑም።

ሥራቸውን አላቆሙም። ቢያቆሙ ይሻል ነበር እላለሁ አንዳንዴ። ከዚያ በኋላ የሠሩት ልብስ ሁሉ እጅ የለውም። ዱባ ሠሩ። እንስራ ሠሩ። የንብ ቀፎ፣ ከበሮ፣ ኩይሳ ሠሩ። ልጆቹ እጃቸውን ውስጥ ከተው፣ እግራቸው ብቻ እየታየ ይንከባለላሉ። ሰው ይስቅ ነበር። አንድ ልጅ ኩይሳው ውስጥ ሆኖ አፍንጫውን ማከክ አቅቶት ሲያለቅስ አስታውሳለሁ። ቀዳዳ እናውጣለት ብላቸው፣ "እጅ የሚወጣበት ቀዳዳ አልሠራም" አሉኝ። ገበያም መውጣት ተዉ። ሽንኩርታቸውን እኔ እገዛላቸው ነበር።

እኔስ? እኔ በየቀኑ ቤታቸው እየሄድኩ በየቀኑ ሳልናገር እመለስ ነበር። ቃሉን ተዘጋጅቼበታለሁ፤ አዴ፣ ያን ቀን እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ፣ ይቅር ይበሉኝ። ይሄ ነው፣ አጭር ነው። በራቸው ላይ ስደርስ ይጠፋብኛል። እሳቸውም አንድ ቀንም አላነሱትም። ቁልፍ የሚተከል ልብስ ሲኖር ግን ለእኔ አይሰጡኝም ነበር፤ ራሳቸው፣ በደከመ ዓይናቸው፣ መርፌውን አሥር ጊዜ እየሳቱ ይተክሉታል። የቀጡኝ በዚህ ብቻ ነው። ቅጣት ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም።

ከዚያ ዘመን ተለወጠ ተባለ። የታሰሩ ተፈቱ፣ የተሰደዱ መጡ። ያ የእጅ ምልክት በየመንገዱ፣ በየሠርጉ፣ በየፎቶው ሆነ። ባጃጅ የሚነዳ ልጅ መሪውን ለቆ እጁን አጣምሮ ያልፍሃል። ሰበታ እንዲያ ስትጨፍር አዴ ዲንቂቱ በራቸውን ዘግተው ቤታቸው ነበሩ። ይሄ ነገር ይመለሳል፣ ያኔ ማን እጁን እንዳነሳ የሚቆጥር አለ ይሉኝ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ሲፈን መጣች። አድጋለች፤ እጆቿና ሰውነቷ ተመጣጥነዋል። በትምህርት ቤቷ የድራማ ክበብ ውስጥ ናት፣ ለትንንሾቹ ያንኑ ዶሮና ጭልፊት ልታሠራ ነው። ክንፍ እንዲሠሩላት ለመነቻቸው።

"ክንፍ አልሠራም" አሏት።

"እኔ እሠራለሁ፣ አዴ። እርስዎ አጠገቤ ይቀመጡልኝ ብቻ።"

አዴ ዲንቂቱ እኔን አዩ። ልጅቷን አዩ። ከአውሬዎቹ ክፍል አንድ ክምር የጃንጥላ ሽቦና አንድ ጥቅል የብስክሌት ጎማ አውጥተው ግቢው ውስጥ አስቀመጡልን። ከዚያ ምንም ሳይሉ ቤታቸው ገቡ። መቀርቀሪያው ሲወድቅ ሰማሁት።

እኔና ሲፈን ግቢው ውስጥ ሠራን። ሽቦውን አጠፍን፣ ከረጢቱን ተለተልን። እኩለ ቀን ሲሆን ለሙከራ ሲፈን ራሷ ላይ ጎማውን አሰርነው፤ ቀጥ አድርገን። ክንዷን ስታነሳ ተንሸራትቶ ወደቀ። እንደ ገና አሰርን። ወደቀ። ሲፈን ስቃ እንዴት ነበር ያኔ የታሰረው ብላ ጠየቀችኝ። እንዴት እንደነበር አውቃለሁ። ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ጎማውን በእጄ ይዤ፣ ሰማዩ ክፍት ሆኖ፣ የሚከለክል ሰው ሳይኖር፣ አፌ አልከፈት አለ። ቀጥ አድርጌ ለሦስተኛ ጊዜ አሰርኩት። ወደቀ።

"ኢንተላ ኮ" የሚል ድምፅ ከበሩ ጀርባ መጣ።

ሁለታችንም ወደ በሩ ዞርን። በሩ ሥር ጥላቸው ይታየኛል። እዚያው፣ ከእንጨቱ ጋር ተጠግተው፣ ጠዋቱን ሙሉ ሲያዳምጡን ነበር።

"ቀጥ ካደረግሽው ይንሸራተታል" አሉ። "እንደ አንቀልባው አጣምሪው። ያኔም ያልሽው ልክ ነበር።"

እንባዬን በእጄ ጀርባ ጠርጌ አጣመርኩት። ሲፈን ክንፏን ወደ ላይ አነሳች፤ ጎማው ያዘ። አዴ፣ ያዘ እኮ፣ ወጥተው ይዩት ብዬ ተጣራሁ። እሺ አሉኝ። ቆመን ጠበቅናቸው፤ ልጅቷ እጇ እስኪዝል ድረስ ክንፏን አላወረደችም። በሩ ግን አልተከፈተም።